አሥር ከአሥር ያመጣች ልጅ ምን ጎደላት?

ልጄ አምና አምስተኛ ክፍል ነበረች። ኅዳር ላይ የሒሳብ ቴስቷን ይዛ መጣች። ክፍልፋይ ነው። አሥር ከአሥር። ቡና እየተፈላ ስለነበር ወረቀቱ በጎረቤቱ ሁሉ እጅ ዞረ። «ሰቃይ!» ተባለች። ደስ አለኝ። ደስታዬን ላራዝመው ብዬ ይመስለኛል፣ አንዲት ጥያቄ ጣል አደረግሁላት።

«በ1/2 እና በ1/3 መካከል ያለ ቁጥር ንገሪኝ እስቲ።»

ትንሽ አሰበች። «የለም» አለች።

«እንዴት የለም?»

«ከ2 ቀጥሎ 3 ነዋ! በመሃላቸው ምን ይገባል?»

ቴስቱን መልሼ አየሁት። አሥሩም ጥያቄ አንድ ነው። ደምሩ፣ ቀንሱ፣ ደምሩ፣ ቀንሱ። ልጅቱ መንገዱን ሸምድዳዋለች። ታች ያለውን ታመሳስላለች፣ ላይ ያለውን ትደምራለች፣ ትጨርሳለች። ክፍልፋይ ማለት ምን እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም። እኔም አልጠየቅኋትም። እኔ ደግሞ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ለዓመታት ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። «ትምህርት ቤቱ ነው ጥፋተኛው» ብዬ የማመልጥበት በር አልነበረኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዋናው ጥያቄዬ «ስንት አመጣሽ?» መሆኑ ቀረ። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲውሉ አእምሯቸው ይሠራል ወይስ ተቀምጦ ይመለሳል? እሱን በምን እናውቃለን? ካልሠራስ ከወላጅ ምን ይጠበቃል? የዛሬው ማብራሪያዬ በዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ከመነሻው እናጥራ። መክበድ ማለት መብዛት አይደለም። «ትምህርቱ ለልጄ ቀለላት» የሚል ወላጅ ቶሎ የሚመጣለት መፍትሔ መጨመር ነው። የቤት ሥራ ይጨመር፣ አስጠኚ ይቀጠር፣ ቅዳሜም ይማሩ። ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ቦርሳው የሚጎትተው የኬጂ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ከኋላ ሲያዩት ቦርሳው ብቻውን የሚሄድ ነው የሚመስለው። የከበደው ግን ጀርባው ነው። አንድ ዓይነት መደመር ሃያ ጊዜ የሠራ ልጅ ደከመ እንጂ አልተፈተነም። ከአምስተኛው በኋላ እጁ ነው የሚሠራው።

በእንግሊዝኛ መማርም እንደዚሁ ነው። የግል ትምህርት ቤት ስንመርጥ «ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው» ሲሉን ልባችን ይረካል። ልጁ «ፎቶሲንተሲስ»ን አሳምሮ ጠርቶ ቅጠል ለምን አረንጓዴ እንደሆነ ካልጠየቀ ግን ቃል ነው የተማረው። ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ቋንቋውን ቀድሞ ማጠንከሩ ይጠቅመዋል። እሱን አልክድም። ቋንቋ መክበዱና ሐሳብ መክበዱ ግን ይለያያሉ።

ታዲያ ልክ የሆነ ክብደት የቱ ነው? በ1934 እ.ኤ.አ. በ37 ዓመቱ የሞተ ሌቭ ቪጎትስኪ የሚባል ሶቪየታዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ነበር። እሱ ነገሩን ጥሩ አድርጎ ከፋፍሎታል። ልጅ ብቻውን የሚችለው ነገር አለ። ሰው ቢያግዘውም ገና የማይችለው ነገር አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ብቻውን የማይችለው፣ ትንሽ ቢያግዙት ግን የሚደርስበት ቦታ አለ። መማር ያለው እዚያ መሃል ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚችለውን ብቻ የሚሠራ ልጅ አይማርም፣ ጊዜ ነው የሚያሳልፈው። ሁልጊዜ ከአቅሙ በላይ የሚሰጡትም አይማርም፣ መፍራትን ነው የሚለምደው።

እኛ ግን ይህን ለመረዳት ሩሲያ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ጎጃም ነን። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስ፣ ደብረ ኤልያስ እዚሁ ናቸው። የቅኔ ቤት ሥርዓቱን ልብ ብላችሁ እዩት። አዲስ የገባ ተማሪ የሚጀምረው ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ፣ ብቻ ካለው ጉባኤ ቃና ከሚባለው ቅኔ ነው። የኔታ መንገዱን ያሳዩታል። ከዚያ ተማሪው ከሰው ይለይና ከዛፍ ሥር ወይ ከወንዝ ዳር ይቀመጣል። ይቆጥራል። ቆጠራ ማለት እዚህ ቁጥር መቁጠር አይደለም፤ ቃል ሲያወጣ ሲያወርድ፣ ሲሠራ ሲያፈርስ መዋል ነው። ያገኘውን ይዞ ይመጣና ለየኔታ ወይም ለአስነጋሪው፣ የኔታን ለሚያግዘው ቀደም ላለ ተማሪ፣ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙና ወርቁ ካልተገናኙ ይታረማል፣ ተመልሶ ይቆጥራል። ሲሆንለት ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል። እንዲያ እንዲያ እያለ ስድስት ቤት ያለው ሥላሴ ይመጣል፣ ስምንት ቤት ያለው መወድስም ይደርሳል።

እዚህ ውስጥ ሁለት ትልቅ ነገር አለ። አንደኛ፣ ፈጣኑን ማንም «ጓደኞችህ ገና ጉባኤ ቃና ላይ ናቸውና ጠብቃቸው» አይለውም። ዘገምተኛውንም «ዓመቱ አልቋልና ዝም ብለህ እለፍ» የሚለው የለም። ሁለተኛ፣ ተማሪው በየቀኑ ይሳሳታል። ስህተቱ ግን ካርድ ላይ አይሰፍርም። ይነገራል፣ ይታረማል፣ በቃ።

ደግሞ ናፍቆት ይዞኝ ሁሉንም ማር እንዳላደርገው። አለንጋውም፣ አኮፋዳ አንጠልጥሎ ቁራሽ መለመኑም፣ ከውሻ ጋር መታገሉም የዚያው ትምህርት ቤት ናቸው። «ዐይኑን ብቻ ይተዉልኝ» ብሎ ልጁን ለመምህሩ የሚያስረክብ ወላጅ ዛሬ የለም፣ እሰየው። የወደድሁት ያችን ቆጠራና ነገራ ነው።

አሁን ወደ ዘመናዊው ክፍል እንግባ። በአገራችን መለኪያ አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል መያዝ ያለበት 50 ተማሪ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው እንበል። መምህሩ ሌላ ምንም ሳይሠራ ጊዜውን ለሁሉም እኩል ቢያካፍል ለአንድ ልጅ 48 ሰከንድ ይደርሰዋል። ስም መጥራቱን፣ ሰሌዳ ማጥፋቱን፣ «ዝም በሉ!» ማለቱን ቀንሱበት። ብዙ ቦታ ደግሞ ተማሪው ከ50 በላይ ነው። እንዲህ ባለ ክፍል መምህሩ መሃል ላይ ላለው ልጅ ነው የሚያስተምረው። ምን ያድርግ? ከኋላ የቀረው ይጠፋበታል፣ ቀድሞ የገባው ደግሞ መስኮት ያያል። መስኮት የሚያየው ጨዋ ከሆነ ደግሞ ማንም አያስታውሰውም።

ካርዱስ አይናገርም ወይ? የካርድ ደረጃ የሚናገረው ልጃችን ከእነማን ጋር እንደተቀመጠ ነው። ከ60 ልጅ አንደኛ ወጣ ማለት 59ኙን በለጠ ማለት ነው እንጂ የክፍሉን ትምህርት ጨረሰ ማለት አይደለም። ይህን ሁላችንም በመራራ መንገድ አይተነዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ኩረጃን ለመከላከል በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከተፈታኞቹ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ነበሩ። በ2015 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 ከመቶ። የወደቁት ሁሉ ሰነፎች አልነበሩም። በየክፍላቸው ደረጃ ሲወጡ የኖሩ፣ ወላጅ መድረክ ላይ ወጥቶ የሸለማቸው ልጆች አሉባቸው። ለዚያ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ሁሉንም ሽምደዳ ላይ አልጭንም። ብዙ ልጅ ግን አዲስ መልክ ያለው ጥያቄ ሲመጣበት መቆሙን አስተምሬ አይቻለሁ።

እቤት ሆኖ እንዴት ይታያል?

እኔ መጀመሪያ የማየው ደብተሩን ነው። ንጽሕናውን አይደለም። ስርዝ ድልዙን ነው የምፈልገው። ከመስከረም እስከ ጥር አንድም ስርዝ የሌለው፣ በሁለት ቀለም እስክሪብቶ የተዋበ ደብተር ብዙ ጊዜ ከሰሌዳ የተገለበጠ ነው። አስቦ የሠራ ልጅ ይሰርዛል። የልጄን ደብተር የዚያን ዕለት ማታ ገልጬ አየሁት። እንደ ሠርግ ካርድ የሚያምር ነበር።

ቀጥሎ ሰዓት ነው። ሳትነግሯት ሰዓት ያዙ። ልጄ የሒሳብ የቤት ሥራዋን በሰባት ደቂቃ ትጨርስ ነበር፣ ያውም ቴሌቪዥን እያየች። አንድ ቀን እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው። አንድ ወር ሙሉ እንዲህ ከሆነ ግን ትምህርቱ ከሷ ኋላ ቀርቷል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። «አስረጂኝ» ማለት። እዚህ ላይ ያልተማረ ወላጅ ከእኔ ይሻላል፤ ቀልዴን አይደለም። እኔ ልጄ ስትጀምር ወዴት እንደምትሄድ ስለማውቅ ሳላስበው እጨርስላታለሁ። ፊደል ያልቆጠረች እናት ግን እንጀራ እየጋገረች «እንዴት ነው እሱ? አልገባኝም፣ እንደገና በይልኝ» ትላለች። ልጅቱ ሐሳቡን አፍርሳ እንደገና ትሠራለች። ነገራ ማለት እኮ ይኸው ነው! ገጠር ያሉ ዘመዶቼ «እኛ ምን እናውቃለን፣ ትምህርቱን አስተማሪው ያውቃል» ሲሉኝ እከራከራቸዋለሁ። አለማወቃቸው ራሱ መሣሪያ ነው። መልሱ ልክ ይሁን አይሁን ላያውቁ ይችላሉ። ልጁ የገባውን ሲናገርና የሸመደደውን ሲለፈልፍ ግን ድምፁ ይለያያል። በግ ስትታመም ከአረማመዷ የሚለይ ሰው ይህን መለየት አያቅተውም።

ለፈተና ጥናትም ያው ነው። ልጆች ማጥናት ሲባሉ ሾርት ኖቱን ደጋግመው ያነባሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ይህንን ፈትነው ነበር። አንዱ ቡድን አጭር ጽሑፍ አራት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንድ ጊዜ አነበበና ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ደብቆ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደብቀው የጻፉት 61 ከመቶውን ሲያስታውሱ፣ ደጋግመው ያነበቡት 40 ከመቶ ላይ ቀሩ። የቆሎ ተማሪ ማታ መብራት በሌለበት ትምህርቱን በቃሉ ሲወጣ ያደገው እንዲሁ አልነበረም። ስለዚህ ደብተሩ ይዘጋና «ምን ነበር የሚለው?» ይባል። ሲያስታውሱ ይጨነቃሉ። ይጨነቁ፣ ሥራው እሱ ነው።

የጥያቄው ዓይነት

ቴስት ሲመለስ ማርኩን ሳይሆን ጥያቄዎቹን አንብቡ። ቤንጃሚን ብሉም በሚባል አሜሪካዊ የሚመራ የምሁራን ቡድን እ.ኤ.አ. በ1956 የጥያቄ ደረጃዎችን በስድስት ከፍሎ ነበር፤ አሁን በታረመው መልኩ ማስታወስ፣ መረዳት፣ መተግበር፣ መተንተን፣ መገምገም፣ መፍጠር እየተባሉ ይጠራሉ። መምህራኖቻችን ሁሉ ኮሌጅ ሲገቡ የሚማሩት ነገር ነው። ፈተና ሲወጣም ከየደረጃው እንዲኖርበት ቢጋር፣ ማለትም የጥያቄዎቹ ዕቅድ፣ መሠራት አለበት። በተግባር ግን ብዙ ቴስት የመጀመሪያዋ ደረጃ ላይ ተኝቶ ይቀራል።

አንድ የቅርብ ምሳሌ ላሳያችሁ። «የዓባይ ምንጭ የት ይገኛል? ሀ. ሰከላ ለ. ሞጣ ሐ. ደጀን» ቢባል የጎጃም ልጅ ሳያጠናም ይመልሳል። አሁን ያንኑ ዓባይ ትንሽ እናዙረው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ ጣና ይወርዳል። ሱዳን ያለው በምዕራብ ነው። ከባሕር ዳር ሲወጣ ታዲያ በቀጥታ ወደ ምዕራብ እንደመሄድ ለምን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጠፈ? ለምንስ ጎጃምን በምሥራቅ፣ በደቡብ፣ በምዕራብ ዞሮ እንደ መቀነት ከበበው?

ይህን ለልጄና ለሁለት ጓደኞቿ ሰጠኋቸው። ካርታ ዘረጉ። አንዱ «ውኃው ስለወደደ» አለ፣ ሳቅን። ሌላዋ ጣቷን ወንዙ ላይ እያስኬደች ቆየችና ካርታው መሃል ላይ ያለውን ቡናማ ቀለም ነካች። «ይሄ ምንድን ነው?» ጮቄ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጥንት እሳተ ገሞራ መሃል ላይ ጉብ ብሏል፤ ወንዙ በዙሪያው እንጂ በላዩ አያልፍም። ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። እቃ አልተገዛም፣ ገንዘብ አልወጣም፤ ካርታውም ያው የመማሪያ መጽሐፋቸው ካርታ ነው።

ከመምህሩ ጋር መነጋገር

ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት የምንሄደው ለሁለት ነገር ነው። ካርድ ልንቀበል ወይ ልጅ ሲያጠፋ ተጠርተን። ካርድ የሚሰጥበት ቀን ሃምሳ ወላጅ ተሰልፏል፤ ምንም ቁም ነገር አይወራም። ሴሚስተሩ በተጀመረ በሦስተኛው በአራተኛው ሳምንት፣ ከክፍል በኋላ መሄድ ነው። ባዶ እጅ ደግሞ አይኬድም። ደብተሩንና ቴስቱን ይዞ ነው።

አነጋገሩ ወሳኝ ነው። «ልጄ በጣም ጎበዝ ናት፣ እዚህ እየባከነች ነው» ያለ ወላጅ በሩን በራሱ ዘጋው። መምህሯ የምትሰማው «አንቺ አትችይም» የሚለውን ነው። አስተማሪ በነበርሁበት ጊዜ ይህን የሚለኝ ወላጅ ሲመጣ ጆሮዬ ወዲያው ይደፈን ነበር። እኔ እንዲህ አልኋት፦

«መምህርት፣ ጊዜዎን አልወስድም። ይቺን ደብተር አንድ ጊዜ ይዩልኝ። የቤት ሥራውን በሰባት ደቂቃ ጨረሰችው። ይቺን ስጠይቃት ግን አልመለሰችም። እኔ እቤት ምን ባደርግ ይሻላል? እርስዎስ ምን ይመክሩኛል?»

ወረቀቱን አየችው። የ1/2 እና የ1/3ን ነገር ስነግራት ፈገግ አለች። ከዚያ እስካሁን ያልረሳሁትን ነገር ተናገረች።

«እውነቱን ልንገርዎት? ስድሳ አራት ልጅ ነው ያለኝ። የርስዎን ልጅ አላያትም። ስለማታስቸግረኝ።»

አልተቀየምኋትም። እኔም የማያስቸግሩኝን ልጆች ሳላይ ብዙ ዓመት አስተምሬያለሁ።

የተስማማነው ነገር ለእሷ ሥራ የማይጨምር ነው። ከአሥሩ የቤት ሥራ ልጄ አምስቱን ትሠራለች። በቀሩት አምስት ፈንታ በዚያው ትምህርት ላይ አንድ የራሷን ጥያቄ ትፈጥራለች፣ ከነመልሱ። ጥያቄ መሥራት ከመመለስ ይከብዳል፤ የማታምኑ እስቲ አንድ ሞክሩ። መምህሯ ጊዜ ስታገኝ ታየዋለች፣ ደስ ያላትን ሰሌዳ ላይ ጽፋ ለክፍሉ ሁሉ ትሰጠዋለች። ልጄ የመጀመሪያ ሳምንት አለቀሰች። «ሌሎቹ የሚሠሩትን ለምን አልሠራም?» አለች። ልማድ ሆኖባት፣ ቶሎ ጨርሳ ቲክ ማየት ነው የምትፈልገው። ይህ ለቅሶ ይመጣልና ተዘጋጁለት። ሲመጣ መልሱን አትስጡ። አጠገቧ ተቀመጡ፣ በቃ።

ጎበዝ ልጅ ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ የማድረጉ ነገርም አለ። አንድ ለአምስት ሲባል የቆየውን ታውቁታላችሁ። የቅኔ ቤቱ አስነጋሪም ይኸው ነው። ለሌላ ማስረዳት የራስን ማጥሪያ ስለሆነ ጥሩ ነው። ግን አስነጋሪው ራሱ ለየኔታ የሚነግረው የራሱ ቅኔ ነበረው። ልጃችሁ ዓመቱን ሙሉ ሌሎችን ሲያስረዳ ውሎ ለራሱ የሚከብደው ነገር ካላገኘ ደመወዝ የሌለው ረዳት መምህር ሆኗል ማለት ነው። ይህን በትሕትና መናገር ይቻላል።

ስለ አስጠኚ አንድ ነገር ብቻ። ሲያስጠና ሃያ ደቂቃ አብራችሁ ተቀመጡና እስክሪብቶውን ማን እንደያዘው እዩ። አስጠኚው ከያዘው ገንዘባችሁን ለሱ ልምምድ እየከፈላችሁ ነው።

«ደብል ይምታ» የሚሉም አሉ። በአባቶቻችን ጊዜ በአንድ ዓመት ሁለት ክፍል የዘለለ ልጅ በሠፈር ይወራለት ነበር። አልፎ አልፎ የሚሆንለት ልጅ አለ። እኔ ግን እፈራዋለሁ። የተዘለለው ክፍል ውስጥ የነበረችው አንዲት ትንሽ ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ጉድጓድ ሆና ትጠብቀዋለች። እዚያው ክፍል ሆኖ በጥልቀት እንዲገባ ማድረግ ይሻላል። ልጁ ከፍ ካለ ደግሞ የሳይንስ ክበቡ፣ የጥያቄና መልስ ውድድሩ አለ። ባሕር ዳር አካባቢ ላላችሁ ዩኒቨርሲቲው ለትምህርት ቤት ተማሪዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ሥልጠና የሚሰጥ የስቴም ማዕከል አለው፤ ጠይቁ።

ከባድ ሲሆንስ?

እስካሁን የቀለላቸውን ልጆች ነው ያነሣሁት። የተገላቢጦሹም አለ፤ በጎጃም አሁን እሱ ሳይበዛ አይቀርም። ልጁ የትምህርት ቀን ጠዋት ሆዱን ካመመው፣ ቅዳሜ ከተሻለው፣ ደብተሩን ከደበቀ፣ ቀላል ሆኖበት አይደለም። እኔ በእጄ የያዝኋት መለኪያ አለች፤ ሳይንስ ናት አልልም። ከአሥር ጥያቄ ሰባት ስምንቱን አስቦ ብቻውን ከሠራ፣ ሁለት ሦስቱ ላይ ከተጣበቀ፣ ልክ ነው። አሥሩንም ሳያስብ ከሠራ ቀሏል። ከሦስት በታች ከሆነ ከብዷል፤ ወደ ኋላ መመለስ ነው።

ወደ ኋላ መመለስ ነውር የለውም። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት በጎጃም ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርሟል። ሁለት ዓመት ቤት ውሎ፣ ከብት ጠብቆ፣ ቁመቱ ጨምሮ የተመለሰ ልጅ አለ። ዕድሜው ስድስተኛ ክፍል ይላል፣ ንባቡ ግን ሦስተኛ ላይ ቆሟል። ይህን ልጅ «ዕድሜህ ስለደረሰ» ብሎ ስድስተኛ ላይ ማስቀመጥ ጉባኤ ቃና ያልሞላለትን መወድስ ተቀኝ እንደማለት ነው። መምህሩን «የት ላይ ነው የቆመው? ከየት እንጀምርለት?» ብላችሁ ጠይቁ። የሦስተኛ ክፍል መጽሐፍ ከጎረቤት ተዋሱ። ታናሽ ወንድም ካለው ታናሹን እንዲያስነብብ አድርጉት፤ እንደማያፍር ሆኖ ራሱ ይማርበታል።

ብቻችሁን የማይገፋ ነገርም አለ። መጽሐፍ ካልደረሰ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቁልፉ ጠፍቶ ዓመት ከተዘጋ፣ ቴስቱ ሁሉ «እውነት ወይም ሐሰት» ከሆነ፣ አንድ ወላጅ ቢጮህ ነዝናዛ ይባላል። አምስት ሆኖ በወላጅ መምህር ኅብረቱ በኩል መሄድ ነው። ኅብረቱም (ወመህ) ሆነ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ (ቀትስቦ) ለአጥር ማሠሪያና ለመዋጮ ብቻ የሚሰበሰብ የሚመስለው አለ። ስለ ትምህርቱ መጠየቅም ሥራቸው ነው። እኛ ባለፈው ስብሰባ የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነበር። በእያንዳንዱ ቴስት ላይ ቢያንስ አንድ «ለምን?» የሚል ጥያቄ ይኑር። ርእሰ መምህሩ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። እየተጠባበቅን ነው።

ልጄስ? ያኔ መልሱን አልነገርኋትም። ረዘም ያለ ወረቀት ቆረጥሁና «ይሄ እንጀራ ነው፣ 1/2ኛውንም 1/3ኛውንም አሳዪኝ» አልኋት። አጠፈች፣ ዘረጋች፣ መስመር አሰመረች፣ ሰረዘች። በሦስተኛው ቀን አሥራ ሁለት ቦታ እኩል ከፈለችው። ግማሹ ስድስት ሆነ፣ ሲሶው አራት። በመሃል አምስተኛዋ ተቀምጣለች።

«5/12!» ብላ ጮኸች።

«ጥሩ። በ1/3 እና በ5/12 መካከልስ?»

ክፉ ሰው እንዳየች አየችኝ። እኔ ልተኛ ገባሁ። መኝታ ቤት ሆኜ የመቀሱ ድምፅ ይሰማኛል። ጠዋት ጠረጴዛው ላይ ሃያ አራት ቦታ የተከፈለ ወረቀት አገኘሁ፤ ዘጠነኛዋ መስመር በቀይ ተቀልማለች። ከሱ በታች ደግሞ አርባ ስምንት ለመክፈል የተጀመረ ሌላ ወረቀት ነበር፣ ተቀዶ።

«ለምን ተውሽው?» አልኋት ቁርስ ላይ።

«ወረቀቱ ቀጠነብኝ እንጂ እሱስ አያልቅም» አለችና ሻይዋን ቀጠለች።